የሮቶው ማማ ስንት ቶን ይችላል? ስለ አይገንቫልዩ የስህተት ግምት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጎንደር የምህንድስናና የሒሳብ ተማሪዎች እጅ በእጅ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው በሕንፃ ዲዛይን ብዙ ዓመት የሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ አጻጻፋቸው ይጥማል፣ ቁጣቸውም ፈገግ ያሰኛል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ መዋቅር አይገንቫልዩ (የሚጎብጥበትን ጭነት ወይም የሚወዛወዝበትን ፍጥነት የሚወስነው ቁጥር) በኮምፒውተር ሲሰላ ስህተቱ ከምን እንደማይበልጥ የሚናገሩት ቲዎረሞች የሒሳብ ትምህርት ክፍል ጌጥ ናቸው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አያስፈልጉትም።

ለዚህም ስድስት ምክንያት ይደረድራሉ። ሜሹን (መዋቅሩ ለስሌት የሚከፋፈልበትን የትናንሽ ክፍሎች መረብ) ለውጦ ሁለተኛ ጊዜ ማስላትና ቁጥሩ ፈቀቅ አለማለቱን ማየት ይበቃል። ሜሹ በግማሽ ሲጠብ ስህተቱ ምንጊዜም ወደ ሩብ ይወርዳል። ሶፍትዌሩ ሬዚዱዋሉ (መልሱ ወደ እኩልታው ተመልሶ ሲገባ የሚቀረው ልዩነት) ከትሪሊዮን አንድ ነው ብሎ ካተመ መልሱ እስከ አሥራ ሁለተኛው አኃዝ ትክክል ነው። ፋይናይት ኤለመንት (መዋቅሩን ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ የማስላት ዘዴ) ቢሳሳትም የሚሳሳተው ወደ ላይ ስለሆነ ለጥንቃቄ ይመቻል። ቲዎረሞቹ ውስጥ የሚጻፈው ቋሚ ቁጥር ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በመጨረሻም፣ አፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ የስህተት ግምት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግንቡ ግን ይኸው ቆሟል። ማሳያ ያደረጓቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው፦ አዘዞ አካባቢ የተተከለ የሮቶ ማማ እና ኤል ቅርጽ ያለው የአንድ ሱቅ ሕንፃ ወለል።

በእሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። አራተኛው ነጥብ ከሌሎቹ ይለያል፤ ሌሎቹ ቢበዛ የተሳሳተ ሪፖርት ያስጽፋሉ፣ አራተኛው ግን ማማ ይጥላል።

ፋይናይት ኤለመንት ወደ ላይ ይሳሳታል መባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው አይገንቫልዩ የሚገኘው መዋቅሩ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ቅርጾች ሁሉ መካከል የአንድ ክፍልፋይን ትንሹን ዋጋ በመፈለግ ነው። ከላይ ቅርጹ የሚጠይቀው የመታጠፍ ጉልበት አለ፣ ከታች ደግሞ ጭነቱ ወይም ክብደቱ የሚያዋጣው። የሬይሊ ክፍልፋይ የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ቅርጾቹን ሁሉ ሊሞክር አይችልም፤ የሚመርጠው ኤለመንቶቹ ሊሠሯቸው ከሚችሏቸው ጥቂቶች መካከል ነው። ቅዳሜ ገበያ የወጣውን በግ ሁሉ ዞሮ ርካሹን የገዛ ሰውና መግቢያው ላይ ካገኛቸው ሦስት በጎች ርካሹን የገዛ ሰው እኩል ሊከፍሉ ይችሉ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በታች መክፈል ግን አይሆንለትም። የተሰላው አይገንቫልዩም ከእውነተኛው ጋር እኩል ነው ወይም ይበልጣል።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምንለያየው ያ ቁጥር በማማው ላይ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቅ ነው። እሳቸው ያሰሉት እግሮቹ ጎብጠው የሚከዱበትን ጭነት ነው። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ቀጥ ያለ ቀጭን ዓምድ ከላይ ሲጫኑት እስከ አንድ መጠን ድረስ ቀጥ ብሎ ይሸከማል፤ መጠኑ ሲደርስ ድንገት ወደ ጎን ይጎብጣል። ያ መጠን አይገንቫልዩ ነው። እንግዲህ አይገንቫልዩው ወደ ላይ ተሳሳተ ማለት ኮምፒውተሩ ማማው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል ብሎ ነገረን ማለት ነው። ይህ በምን ሒሳብ ለጥንቃቄ እንደሚመች አልገባኝም።

ምን ያህል ይሳሳታል? ከላይም ከታችም እንደ ልብ በሚዞር መጋጠሚያ የተያዘ አንድ ዓምድ እንውሰድ። ትክክለኛው መልስ ፓይ ስኩዌር ነው፣ 9.87፤ መለኪያው የብረቱ የመታጠፍ ጥንካሬ ለርዝመቱ ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዓምዱን በአንድ የቢም ኤለመንት (መታጠፍ የሚችል የዘንግ ክፍል) ብቻ ብንወክለው የምናገኘው 12 ነው፤ የ21.6 በመቶ ብልጫ። በጽሑፉ ላይ የወጣው የማማው ሞዴል ደግሞ እያንዳንዱን እግር ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ በአንድ ኤለመንት ነው የሚያሳየው። ቁጥሩን ወደ ሮቶ እናምጣው። መለኪያው አንድ ቶን የሚሆንበት ዓምድ ብንመርጥ ሶፍትዌሩ 12 ቶን ይችላል ይለናል፤ እውነተኛው አቅም 9.87 ቶን ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ እስከ አፍ ገደፉ ሲሞላ ውኃው ብቻ 10 ቶን ይመዝናል። ወረቀት ላይ ሁለት ቶን ትርፍ አለ፤ መሬት ላይ ግን ዓምዱ ሮቶው ሞልቶ ሳያልቅ ይጎብጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ሌሊት፣ ቤተሰቡ ከሥሩ በተኛበት ሰዓት መሆኑን ጸሐፊው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እርግጥ እውነተኛ ማማ አራት እግርና ማገሮች አሉት፤ አንድ ዓምድ የወሰድኩት ማንም ተማሪ በእጁ አስልቶ እንዲያረጋግጠው ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ያንኑ ዓምድ ለሁለት ኤለመንት ብንከፍለው መልሱ 9.944 ይሆናል፤ ብልጫው ወደ 0.75 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የኤለመንቱን ብዛት በእጥፍ በጨመርን ቁጥር ስህተቱ በ16 ገደማ ይከፈላል። ይህን 16 ከየት አመጣሁት? ጸሐፊው ጌጥ ካሉት ቲዎረም ነው። የቢም ኤለመንት ቅርጹን ሲጠጋ፣ በመታጠፍ ጉልበት የሚለካው ስህተት በሜሹ ስፋት ካሬ ይወርዳል፤ አይገንቫልዩው ደግሞ በዚያ ፍጥነት ካሬ፣ ማለትም በአራተኛ ፓወር ይወርዳል። ቅርጹ ከሚጠጋበት በእጥፍ ፍጥነት ቁጥሩ ይጠጋል። አይገንቫልዩ ማስላትን ከሌሎች ስሌቶች ሁሉ ይበልጥ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፦ ሻካራ ቅርጽ ይዘው ጥሩ ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ግን አንድ ኤለመንት ሻካራም አይባልም።

የሕንፃ ኮዱ የደኅንነት ማባዣ ይህን ይሸፍነዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ማባዣው የተቀመጠው ለብረቱ ጥራት፣ ለጭነቱ መዋዠቅ፣ በብየዳ ሙቀት ለተጣመመ እግር ነው። 21 በመቶውን ሞዴሉ አስቀድሞ ከበላው ለብየዳው ምን ይተርፋል?

በዚያ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚለውም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ኤለመንቶቹ በድንበራቸው ላይ በትክክል መገጣጠም፣ ጉልበቱና ክብደቱም ሳይቆራረጡ መሰላት አለባቸው። ርዝመቱ ፓይ የሆነ፣ ሁለት ጫፉ የታሰረ የክራር ክር እንውሰድ፤ አይገንቫልዩዎቹ 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያሉ የሚሄዱ የቁጥር ካሬዎች ናቸው። በ10 እኩል ቀጥተኛ ኤለመንቶች ብናሰላ የመጀመሪያው 1.0083 ይወጣል። የክሩን ክብደት ኤለመንቱ ላይ ከማሰራጨት ይልቅ በነጥቦቹ ላይ ብናከማቸው ግን 0.9918 ይወጣል፤ ከእውነተኛው በታች ማለት ነው። ከተለመዱት የሕንፃ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ክብደትን የሚያስቀምጡት በመጋጠሚያዎቹ ላይ አከማችተው ነው። ጸሐፊው ስለ ንዝረት ሲጽፉ የተመኩበት አቅጣጫ በራሳቸው ሶፍትዌር ውስጥ ላይኖር ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች፣ ሁለት ጊዜ ማስላትና ወደ ሩብ መውረድ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይቆሙም። ሁለት ስሌቶች እርስ በርስ ተቀራረቡ ማለት ሁለቱም ወደ እውነቱ ቀረቡ ማለት የሚሆነው ስህተቱ የሚወርድበት ፍጥነት ከታወቀ ብቻ ነው። ጸሐፊው የሱቁን ወለል በየጎኑ ከ10 ክፍል ወደ 12 አሳድገው ልዩነቱ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ብቻ ስለታየ ረክተዋል። የራሳቸውን ሕግ እንቀበልላቸውና እናስላ። ስህተቱ በስፋቱ ካሬ የሚወርድ ከሆነ ከ10 ወደ 12 ሲኬድ ወደ 69 በመቶው ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። በሁለቱ ስሌቶች መካከል የታየው ልዩነት የመጀመሪያው ስህተት 31 በመቶ ብቻ ነው፤ ያልታየው 69። የቀረው ስህተት እሳቸውን ካስደሰታቸው ልዩነት 2.3 እጥፍ ይሆናል፣ ያውም ነገሩ ሁሉ በሚመቻቸው መንገድ ከሄደ።

አልሄደም፤ ወለሉ ኤል ቅርጽ ነው። ሦስት እኩል ካሬዎች ተገጣጥመው በሠሩት ኤል ላይ የተወጠረ ስስ ሽፋን በዚህ ሙያ ውስጥ ዝነኛ ምሳሌ ነው። ማትላብ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ከፍቶ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ምልክቱ ላይ ያለው ጉብ ያለ ቅርጽ የተወሰደው ከዚሁ ሽፋን የመጀመሪያ የንዝረት ቅርጽ ነው። ፎክስ፣ ሄንሪቺና ሞለር ስለዚህ ስሌት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር፤ ሞለር በኋላ ማትላብን የፈጠሩት ሰው ናቸው። የካሬዎቹ ጎን አንድ ሲሆን የመጀመሪያው አይገንቫልዩ 9.6397238 ነው። ችግሩ ያለው ወደ ውስጥ በገባው ጥግ ላይ ነው። እዚያ አጠገብ ቅርጹ የሚያድገው ከጥጉ ባለው ርቀት ሁለት ሦስተኛ ፓወር ስለሆነ፣ ወደ ጥጉ በተጠጋን ቁጥር ተዳፋቱ ያለ ወሰን ይገናል። ቀጥተኛ ኤለመንቶችና በሁሉም ቦታ እኩል የሆነ ሜሽ ይዘን ስንሄድ ስህተቱ የሚወርደው በስፋቱ አራት ሦስተኛ ፓወር ነው። ሜሹ በግማሽ ሲጠብ የሚከፈለው በአራት ሳይሆን በ2.52 ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ሦስተኛው አይገንቫልዩ ነው። እሱ በትክክል ሁለት ፓይ ስኩዌር፣ 19.739 ነው፤ ቅርጹ በየካሬው ውስጥ ሳይን በሳይን ተባዝቶ የሚገኝ ለስላሳ ሞገድ ስለሆነ ጥጉ መኖሩንም አያውቅ። በዚያው ሜሽ፣ በዚያው ስሌት፣ እሱ በአራት ይከፈላል። አንድ ገጽ ሪፖርት ላይ ተከታትለው የታተሙ ሁለት ቁጥሮች በሁለት የተለያየ ፍጥነት ወደ እውነቱ ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ ያሰላ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም፤ ፍጥነት ለመለካት ቢያንስ ሦስት ስሌት ያስፈልጋል፣ ምን ፍጥነት መጠበቅ እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ ቲዎረሙ።

ልዩነቱ የወግ አይደለም። ሜሹን በግማሽ አጥብቦ ወደ ሩብ ወርዷል ብሎ ያመነ ሰው የቀረው ስህተት ከታየው ልዩነት አንድ ሦስተኛ ነው ይላል፤ ጥጉ ካለ ግን ሁለት ሦስተኛ ነው። ከ10 ወደ 12 ለሄደውማ የቀረው ስህተት ከታየው ልዩነት 3.6 እጥፍ ያህል ይሆናል። የኮንክሪት ወለል ሽፋን አይደለም፣ እኩልታውም ሌላ ነው፣ ስለዚህ አኃዞቹ ይለያሉ፤ ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ለስላሳነቱን መስበሩ ግን እዚያም አይቀርም። መፍትሔው ጥጉ አካባቢ ሜሹን ይበልጥ ማጥበብ ነው፤ እሱን ጸሐፊው በሌላ ምክንያትም ቢሆን የሚያደርጉት ይመስለኛል።

በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ነጥብ ያልተቆጠረ፣ ነገር ግን ከስድስቱም በላይ ያሳሰበኝ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ 30 ሞዶች (የንዝረት ቅርጾች)፣ ሁሉም እስከ አራተኛ አኃዝ፣ ሁሉም በእኩል ልብ የታመኑ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዩሮኮድ 8፣ የእኛም ኮድ የተመሠረተበት የአውሮፓ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ደንብ፣ በንዝረቱ የሚሳተፈው ክብደት ከጠቅላላው ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ ሞድ መጨመርን ይጠይቃል፤ ባለሙያው 90 እስኪሞላ ይጨምራል። ግን ወደ ክራሩ ክር እንመለስ። በ10 ኤለመንት የመጀመሪያው አይገንቫልዩ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። አምስተኛው 25 መሆን ሲገባው 30.4 ይወጣል፤ 21.6 በመቶ። ዘጠነኛው 81 መሆን ሲገባው 113 ይወጣል፤ ክብደቱ በነጥቦች ከተከማቸ ደግሞ 39.5፣ ከግማሽ በታች! ሶፍትዌሩ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ፊደል ያትማቸዋል።

(ያው 21.6 ተመልሶ መምጣቱን ያስተዋለ አንባቢ ካለ፣ አጋጣሚ አይደለም። በዓምዱ ላይ የዓምዱ ተዳፋት፣ በክሩ አምስተኛ ሞድ ላይ ደግሞ ክሩ ራሱ፣ ሩብ ሞገዱ በቀጥታ መስመር ተተክቷል። ሁለቱም 12 ለፓይ ስኩዌር ሲካፈል የሚገኘውን ይሰጣሉ።)

ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ሳይከፈት ሊታወቅ ይችላል። በክሩ ላይ የስህተቱ ድርሻ በግምት የሞዱ ተራ ቁጥር ካሬ በስፋቱ ካሬ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሥራ ቋንቋ እናስቀምጠው፦ በአንድ ግማሽ ሞገድ ውስጥ ስንት ኤለመንት እንዳለ ቁጠር፣ 0.82ን ለዚያ ቁጥር ካሬ አካፍል። አራት ኤለመንት ካለ አምስት በመቶ ያህል፣ ዘጠኝ ካለ አንድ በመቶ ያህል። ክሩን በ20 ኤለመንት ብናሰላው አምስተኛው ሞድ በየግማሽ ሞገዱ አራት ኤለመንት ያገኛል፤ መልሱም 26.31 ይወጣል፣ 5.2 በመቶ። ግምቱ ሠርቷል። ከሠላሳው ሞድ ስንቱ እንደሚታመን በዚህ መንገድ ለይቶ ቀሪውን ከሰንጠረዡ ማውጣት ይቻል ነበር።

ሬዚዱዋሉን በተመለከተ አጭር መልስ አለ። ያ ባለ አንድ ኤለመንት ዓምድ 12 የሚል መልስ ሲሰጥ ሬዚዱዋሉ ዜሮ ነው። ማትሪክሱ፣ ማለትም ሞዴሉ የሚጻፍበት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ በትክክል ተፈትቷል፤ ዓምዱ ግን 9.87 ነው። ሬዚዱዋል የሚለካው ማትሪክሱ ምን ያህል በደንብ እንደተፈታ እንጂ ማትሪክሱ ማማውን ምን ያህል እንደሚመስል አይደለም።

ረዘም ያለውም መልስ ግን ለማማው ይጠቅማል። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ (በዲያጎናሉ ሁለት ጎን እኩል) ከሆነ ትንሽ ሬዚዱዋል አንድ ነገር በእርግጥ ያረጋግጣል፦ በዚያ ርቀት ውስጥ አንድ አይገንቫልዩ አለ። ስንተኛው እንደሆነ ግን አይናገርም፤ የተዘለለ ካለም አይናገርም። የሮቶ ማማ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘኑ እኩል ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚወዛወዝበትና ወደ ሰሜን የሚወዛወዝበት ፍጥነት አንድ ነው፣ ማለትም አይገንቫልዩው ጥንድ ነው። ከጥንዱ አንዱ ቢዘለል የሌላው ሬዚዱዋል ከትሪሊዮን አንድ ሆኖ ይቀጥላል። መፈተሻው አለ፤ ከማትሪክሱ ላይ አንድ ቁጥር ቀንሶ በመበተን ስንት አሉታዊ ፒቮት (ሲበተን ዲያጎናሉ ላይ የሚወጣ ቁጥር) እንደወጣ መቁጠር ነው። ከዚያ ቁጥር በታች ስንት አይገንቫልዩ እንዳለ የሲልቬስተር ሕግ በትክክል ይነግራል። ብዙ የመዋቅር ፕሮግራሞች የስቱርም ፍተሻ እያሉ ይዘውታል።

ቴምፕል እ.ኤ.አ. በ1928፣ ካቶ ደግሞ በ1949 ያሳዩት ከዚህም ይሻላል። የሬይሊ ክፍልፋይ ስህተት ሬዚዱዋሉ ራሱ ሳይሆን የሬዚዱዋሉ ካሬ እስከ ቀጣዩ አይገንቫልዩ ላለው ርቀት ሲካፈል ከሚገኘው አይበልጥም። ለጸሐፊው የሚያስደስት ዜና ነው፤ ሬዚዱዋላቸው እሳቸው ካሰቡት የበለጠ ይሠራል። ቀጣዩ ሲቀርብ ግን ክፍልፋዩ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ለጥንዱ በአንድነት እንጂ ለየብቻ አይሠራም። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ካልሆነማ ነገሩ ሌላ ነው። አሥር በአሥር የሆነ የጆርዳን ብሎክ (ከዲያጎናሉ በላይ ብቻ አንዶች ያሉበት ማትሪክስ)፣ አይገንቫልዩዎቹ ሁሉ ዜሮ የሆኑ፣ አንድ ጥጉ ላይ ከ10 ቢሊዮን አንድ ቢጨመርበት አይገንቫልዩዎቹ ከዜሮ 0.1 ርቀት ላይ ይበተናሉ። ባወርና ፋይክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ወሰን የአይገንቬክተሮቹን (ከየአይገንቫልዩው ጋር የሚሄዱትን ቅርጾች) ጤና የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የሮቶ ማማ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ንፋስ የሚያወዛውዘው ረጅም ድልድይ ግን ይገባል።

ቋሚው ቁጥር አይታወቅም የሚለው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ ቁጣቸውም ትክክለኛ ቦታ ያረፈው እዚህ ነው። ቲዎረሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ስህተቱ ከቋሚ ቁጥር ጊዜ የሜሹ ስፋት አይበልጥም ይባላል፣ ማረጋገጫው ሁለት ሰሌዳ ይሞላል፤ ተማሪው አንድም ጊዜ ቁጥሩን ሳያሰላ ፈተናውን ያልፋል። እንዲህ የተማረ ሰው ዲዛይን ቢሮ ሲገባ ቲዎረሙን ቢረሳው አልፈርድበትም። ግን ከዚህ ተነስቶ ቁጥሩን ማንም አያውቀውም ማለት አይቻልም። በክሩ ላይ አንድ አሥራ ሁለተኛ መሆኑን አሁን ተጠቅመንበታል። ለተወጠረ ሽፋን ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነገር አለ። ክሩዜና ራቪያር እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ሦስት ማዕዘን ኤለመንት ከጎረቤቱ ጋር የሚገጥመው በጎኖቹ መካከለኛ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ የመሳሳት ዋስትናው የለውም። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር ጥቅም ሆነ። ሊዩ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት በዚህ ኤለመንት የተሰላውን አይገንቫልዩ ወስደን፣ 0.1893ን በትልቁ የሦስት ማዕዘን ጎን አባዝተን፣ ካሬውን በአይገንቫልዩው አባዝተን፣ አንድ ጨምረንበት፣ አይገንቫልዩውን ለዚያ ብናካፍለው፣ የምናገኘው ቁጥር ከእውነተኛው በላይ ሊሆን አይችልም። ጥግ ቢኖር ባይኖር፣ ሜሹ ሻካራ ቢሆን ባይሆን።

ጎኑ አንድ በሆነ ካሬ ሽፋን ላይ የሦስት ማዕዘኖቹ ትልቁ ጎን 0.1 ቢሆን ይህ ማስተካከያ ቁጥሩን 0.7 በመቶ ያህል ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ከላይ በተለመደው ኤለመንት፣ ከታች በዚህኛው፣ እውነቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ይታሰራል። ያልታወቀ ቋሚ ቁጥር በመካከሉ የለም።

ስለ ፋሲል ግንብ ብዙ አልልም። ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት አፄ ፋሲል ያሠሩት ወፍራም የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ መረጋጋቱን የሚወስነው በዋናነት ምጥጥኑ ነው፤ ግንበኛ በትንሹ ያየውን ምጥጥን ጠብቆ በትልቁ ቢሠራው ይቆማል፣ ልምድም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት የተበየደ ቀጭን እግር እንዲህ አይደለም። ብረቱን ሳይለውጡ ርዝመቱን እጥፍ ቢያደርጉት የሚጎብጥበት ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት ሜትር ላይ የሠራ ልምድ ስድስት ሜትር ላይ ሰው ይገድላል። ግንቡ የስህተት ግምት አላስፈለገውም፤ ማማው ግን ግንብ አይደለም።

ጸሐፊው የሁለቱም ሥራ ፋይል እጃቸው ላይ አለ። የማማውን እያንዳንዱን እግር መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለአራት ከፍለው የሚወጡትን ሦስት ጭነቶች ጎን ለጎን ቢያትሙልን ደስ ይለኛል። ወለሉንም ከ10 ወደ 12 ሳይሆን በየጎኑ 10፣ 20፣ 40 ያድርጉትና የመጀመሪያውን ልዩነት ለሁለተኛው ያካፍሉ። 4 አካባቢ ከወጣ ስለ ጥጉ ያልኩት እሳቸው ወለል ላይ አይሠራም ማለት ነው፣ እቀበላለሁ። ወደ 2.5 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ግን በሪፖርታቸው ላይ ያለው ሦስተኛ አኃዝ ይሰረዝ። ሁለቱም ተደምረው የአንድ ከሰዓት ሥራ ናቸው።